በጥበቃ መደብ የተቀጠረው አማካይ

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በኳስ ፍቅር አይደለም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ አሰላ ባለው ግቢያችን ውስጥ ካሉት የሰርቪስ ክፍሎች አንዱን ለአንድ ወጣት አከራየን። ወጣቱም በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጥበቃ ሠራተኛነት መቀጠሩን ነገረን። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም፤ የሚያውቁት ያውቁታል፤ የማያውቁትም ባያውቁት የሚቀርባቸው ነገር የለም። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሠራተኛ አስተዳደር ነው። ሰው በምን መደብ ላይ እንደሚቀመጥና ከመደቡ እንዴት እንደሚነሣ፣ ሌላው ስለ ቤተ ዘመዱ የሚያውቀውን ያህል አውቃለሁ። ስለዚህ ተከራያችን ዘበኛ መሆኑን ሲነግረኝ ያነሣሁት የመጀመሪያ ጥያቄ የሙያ ጥያቄ ነበር።

«ፈረቃህ የቀን ነው የሌሊት?» አልኩት።

«ልምምድ ጠዋት ጠዋት ነው አባባ» አለኝ።

የምን ልምምድ እንደሆነ ስጠይቀው አፍሮ ወደ መሬት አየ። በእጁ ጭቃ የያዘ ታኬታ በማሰሪያው አንጠልጥሎ ነበር።

ልጁ የዝዋይ ዱግዳ ሰው ነው፤ ወላጆቹ ኦጎልቾ አካባቢ ያርሳሉ። አማርኛን ያገኘው በትምህርት ቤትና በኳስ ሜዳ ስለሆነ ሲቸኩል ኦሮምኛው ይቀድመዋል። ባለቤቴ ኦሮምኛውን ከእኔ አብልጣ ስለምትችል ረጅም ጉዳይ ሲኖረው ለእሷ ያወራታል፤ ለእኔ አሳጥሮ ነው የሚነግረኝ። ዕድሜው ከሃያ እምብዛም አይበልጥም ነበር። መሥሪያ ቤቱ በታችኛው ሊግ የሚወዳደር የእግር ኳስ ቡድን ነበረው፤ ልጁም የቡድኑ አማካይ ነው። በመሥሪያ ቤቱ መዋቅር ውስጥ ግን የእግር ኳስ ተጫዋች የሚባል መደብ የለም። ደመወዝ የሚከፈለው ደግሞ መደብ ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው። ስለዚህ አለቆቹ አንድ ዘዴ አገኙ፤ ክፍት ሆነው የቆዩትን የጥበቃ፣ የአትክልተኛና የተላላኪ መደቦች ለተጫዋቾች አደሏቸው። ግብ ጠባቂው አትክልተኛ ነው። የግራ ተከላካዩ ተላላኪ ነው። የእኛው ተከራይ ደግሞ የማታ ዘበኛ ነው።

ይህንን ስሰማ እራቴን መጨረስ አቃተኝ። ባለቤቴ የምግቡ ጨው የበዛብኝ መስሏት ነበር። በእኔ ፊርማ የተቀጠረ ሰው፣ ሹፌርም ይሁን ሐኪም፣ የተቀጠረበትን ሥራ ሠርቷል፤ ይህን ስናገር አላፍርም። ባለሥልጣን ደውሎ «ለዚህ ሰው አንድ ቦታ ፈልግለት» ሲለኝ ቦታ የሚፈለገው ለሥራው እንጂ ለሰው እንዳልሆነ መልሼ የማስረዳ ሰው ነበርኩ፤ በዚህም ምክንያት ያላገኘኋቸው እድገቶች አሉ። አሁን ደግሞ በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ ጣሪያዬ ሥር፣ በሌሊት ተኝቶ በቀን ኳስ የሚጫወት የማታ ዘበኛ ተከራይቶብኛል።

በሩን በእርግጥ የሚጠብቁት ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንደኛውን ከጥንት ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። አንድ ቀን ከመንገድ አግኝቻቸው እንዴት እንደሆኑ ስጠይቃቸው፣ «እኔማ ለሁለት ሰው እየጠበቅሁ ነው፤ ለራሴና ለአማካዩ» አሉኝ። አልተቆጡም። ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው «ደግነቱ ልጁ ይጫወታል። ባይጫወት ኖሮ ነበር የሚከፋኝ» ብለው አለፉ።

መጫወቱን በዓይኔ ያየሁት አርቦዬ ላይ ነው። ባለቤቴ እዚያ እህት አለቻት፤ ልንጠይቃት ሄደን ሳለ የእኛው ቡድን ከአካባቢው ቡድን ጋር የሚገጥምበት ቀን ሆነ። ባለቤቴ የኳስ ሰው ናት፤ እኔ እየተጎተትኩ ተከተልኳት። ሜዳው ላይ ሣር የቀረው ማንም በማይረግጠው በማዕዘኖቹ ብቻ ነው። ተመልካቹ ስለ ልጁ መደብ ከእኔ ቀድሞ ሰምቷል።

«ዘበኛ፣ በሩን ለማን ሰጥተህ መጣህ?» ይላል አንዱ ከኋላችን።

«ተወው እባክህ፤ ሌባ ሲገባ ይደውሉለታል» ይላል ሌላው።

ባለቤቴ ታገሠች፣ ታገሠችና ዞር አለች። «ለእናንተ በረኛ ግን አልሰጠውም። እሱ በበሩ ሁለቴ አስገብቷል» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ አንደኛው የመቀመጫውን አቧራ ጠርጎ ለቀቀላት፤ እስከ መጨረሻውም «እትዬ፣ አሁን ምን አሉ?» እያለ ሲያወራት ዋለ።

እኔ ግን የማየው ልጁን ነበር። ብዙ አይሮጥም። ኳሷ ወደ እሱ ጉዞ ስትጀምር አንገቱን ወደ ኋላ ዞር አድርጎ ማን የት እንዳለ ያያል፤ ስትደርስ ውሳኔው አልቋል። አንድ ጊዜ ነክቶ ይሰጣል፤ ከሰጠ በኋላ ቆሞ አያደንቅም፣ ወደሚቀጥለው ባዶ ቦታ ይሄዳል። በሥራ ዘመኔ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ከማረፉ በፊት ወዴት እንደሚመራ የሚያውቁ ጥቂት ሠራተኞች ገጥመውኛል፤ እነሱን አስታወሰኝ። ከጨዋታው በኋላ ለባለቤቴ «ይህ ልጅ ሥራውን ያውቃል» አልኳት። ከእኔ አፍ የሚወጣ ትልቁ ምስጋና ይህ መሆኑን ስለምታውቅ ለልጁ ሳትነግረው አላደረችም።

የውድድሩ ዓመት ሲያልቅ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ በላይኛው ሊግ የሚጫወት የሌላ ከተማ ቡድን አሰልጣኝ ልጁን ፈለገው። አሰልጣኙ እኛ ቤት ድረስ መጣ። ትሑት ሰው ነበር፤ ሳሎን ተቀምጦ ሻዩን እየጠጣ ልጁ በዓመቱ ውስጥ ያደረጋቸውን ቅብብሎች እንደ ዘመድ ታሪክ አወራልን። የሚያስፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነው አለ፤ ልጁ ከመሥሪያ ቤቱ መልቀቂያ ይዞ፣ የላይኛው ሊግ ምዝገባ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከመዘጋቱ በፊት መምጣት አለበት። ከዚያ ያለፈ እንደሆነ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ልጁ ያን ሁሉ ጊዜ የጫማው አፍንጫ ላይ አፍጥጦ ነበር። አሰልጣኙ ሲወጣ ወደ እኔ መጥቶ «አባባ፣ ማመልከቻውን እርስዎ ይጻፉልኝ» አለኝ።

ጻፍኩለት። የመንግሥት ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ሥራውን መልቀቅ ይችላል፤ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ይሄዳል። ከዚህ የቀለለ የሠራተኛ ጉዳይ የለም። ወሩ ሲሞላ የመጣው መልስ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሳስበው ደሜን ያፈላዋል። ሕጉ አንድ ጠባብ ቀዳዳ አለው፤ ሠራተኛው ለመሥሪያ ቤቱ እጅግ አስፈላጊና በቀላሉ ሊተካ የማይችል ከሆነ መልቀቂያው ለተወሰነ ጊዜ ሊዘገይ ይችላል። ይህ ለልዩ ሐኪም፣ ለግድብ መሐንዲስ የተተወ ቀዳዳ ነው። እነሱ ለማታ ዘበኛ ተጠቀሙበት።

ሱፌን ለብሼ፣ ከረባቴን አስሬ በባጃጅ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊው የልጄ እኩያ ነው። ከወንበሩ ጀርባ የአንድ የእንግሊዝ ቡድን ማልያ በመስተዋት ተደርጎ ተሰቅሏል።

«አባባ፣ ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። «ሊተካ የማይችል ዘበኛ ምን ዓይነት ዘበኛ ነው?» አልኩት።

«እርስዎም ያውቁታል እኮ። እሱ ከሄደ መሐል ሜዳችን ባዶ ነው።»

«መሐል ሜዳ በመዋቅራችሁ ውስጥ በየትኛው የሥራ ሂደት ሥር ነው ያለው?»

ሳቀ። «ጡረታ ወጥተውም መዋቅር አልለቀቀዎትም።»

«ዘበኛ ከሆነ ልቀቁት፤ ነገ ማስታወቂያ ብትለጥፉ የሚያመለክት ሰው ግቢውን ይሞላዋል። ተጫዋች ከሆነ ደግሞ የተጫዋችነት ውሉን አሳየኝ።»

«ውል ምን ያደርግለታል? ቋሚ ሠራተኛ አደረግነው። ጡረታ አለው። አባባ፣ እስቲ ይንገሩኝ፣ ጡረታ ያለው ተጫዋች የት ያውቃሉ?»

ይህን ሲለኝ በእውነት ውለታ የዋለ መስሎት ነበር። ክፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲያ ባልተቃጠልኩ። ሰውየው የሌላውን ልጅ ዕድል በመሳቢያው ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ ምስጋና ይጠብቃል። ስነሣ በሩ ድረስ ሸኘኝና በዝግታ «ልጁን ይምከሩት። ቢገፋበት እኛም የምንለው አናጣም» አለኝ።

የሚሉትን አላጡም። በመስከረም ልጁ ላይ የዲሲፕሊን ክስ መጣ። ክሱ ተከሳሹ ያለ ፈቃድ በተደጋጋሚ ከጥበቃ ሥራው ላይ ቀርቷል የሚል ነው። የቀረባቸው ቀናት ቡድኑ በሌላ ከተማ ጨዋታ የነበረባቸው ቀናት ናቸው። ክሱን ያቀረበው የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ራሱ የቡድኑ መሪ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ሁሉ ከልጁ ጋር በአንድ አውቶቡስ ተሳፍሮ የሄደ፣ የተሰላፊዎችን ስም ለዳኛ ያስረከበ ሰው።

ሕጉ ተከሳሽ ወኪል እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ወኪሉ እኔ ሆንኩ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው በአንዲት ጠባብ አዳራሽ ተሰየመ። ሰብሳቢዋ የፋይናንስ ክፍል ባልደረባ፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ከሳሹን እንድጠይቅ ዕድል ሰጠችኝ።

«ተከሳሹ ከሥራ ቀረ ባሉበት እሑድ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ሥራ ላይ።»

«የት ነው ሥራው?»

«ሜዳ ነበርኩ። ቡድን መሪ ነኝ።»

«ተከሳሹን እዚያ አይተውታል?»

«አላስተዋልኩም» አለ።

«አርቦዬ ላይ ጎል ሲገባ ሮጠው ገብተው ሲያቅፉ አይቻለሁ። ማንን ነበር ያቀፉት?»

ከኮሚቴው አባላት አንዱ ሳል እንደያዘው ሆኖ መሐረቡን አወጣ። ሰብሳቢዋ ግን አልሳቀችም። «አባባ» አለችኝ፣ «ክሱ ስለ በሩ ነው። ሜዳው እዚህ አልተከሰሰም። ደግሞም ተከሳሹ ዘበኛ አልነበረም የሚሉ ከሆነ፣ ላልሠራው ሥራ ደመወዝ ሲወስድ ኖሯል ማለት ነው። ያኔ ነገሩ ከእኛ እጅ ወጥቶ ወደ ፖሊስ ነው የሚሄደው። ይህን ጽፌ እንድይዝልዎት ይፈልጋሉ?»

እስረኛ የሚያደርጉበትን ገመድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ዘበኛ ነው ካልን ቀርቷል፤ ይባረራል። ዘበኛ አይደለም ካልን አጭበርብሯል፤ ይታሰራል። የቀጠሩት፣ ያስፈረሙት፣ ያሰለፉት ሰዎች በሁለቱም መንገድ ንጹሕ ሆነው ይወጣሉ። በዚህ አገልግሎት ውስጥ ፀጉሬን አሽብቻለሁ፤ ሕግ ሲጣስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሕግ እንዲህ በሥርዓት፣ በቃለ ጉባኤ፣ በየአንቀጹ እየተከበረ አንድን ሰው ሲያንቅ ማየት ግን የተለየ ነገር ነው። እንዳይጻፍ ነገርኳት።

ልጁ እጁን አወጣ። «የመጣሁ ቀን ‹እዚህ ፈርም› አሉኝ፣ ፈረምኩ» አለ። «ዱላ አልሰጡኝም። ካፖርትም አልሰጡኝም። የሰጡኝ ማልያ ነው። ስድስት ቁጥር።» ሌላ የሚለው ነበረው፤ አማርኛው ጠፋበትና በኦሮምኛ ጨርሶ ተቀመጠ። ያለው፣ አባቱ ስለ ሥራው ሲጠይቁት ምን ብሎ እንደሚመልስ እስካሁን እንዳላወቀ ነበር።

በመጨረሻ ሽማግሌው ዘበኛ ለምስክርነት ተጠሩ። ተከሳሹን በር ላይ አይተውት ያውቁ እንደሆነ ተጠየቁ። «አላየሁትም» አሉ። «በሩ ግን አንድም ሌሊት ባዶውን አላደረም። እኔ ነበርኩ። ስለ እኔ የጠየቀኝ ሰው የለም።» ሰብሳቢዋ አመሰገነቻቸው፤ እሳቸውም ወደ በራቸው ተመለሱ።

ኮሚቴው ልጁን ጥፋተኛ አለው፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊም ከሥራ እንዲሰናበት ወሰነ። እውነቱን ለመናገር እኔና ባለቤቴ የስንብት ደብዳቤው ሲደርሰን በእፎይታ ተያየን። ስሙ ጎድፏል፤ ነገር ግን ነፃ ነው ብለን አሰብን። ምዝገባው እስኪዘጋ ገና ጊዜ ነበረ። ልጁ ሻንጣውን ማሰናዳት ጀመረ።

በማግሥቱ ጠዋት የልጁ ስልክ ጮኸ። ልጁ ገላውን እየታጠበ ስለነበር ባለቤቴ አነሣችው። ደዋዩ ቡድን መሪው፣ የትናንቱ ከሳሽ ነው።

«ለምንድነው ልምምድ የቀረው?» አላት።

«ትናንት አባረራችሁት አይደለም እንዴ?»

«እትዬ፣ የተባረረው ከጥበቃ ነው። ከቡድኑ ማን አባረረው? ቴሴራው እኛ ጋ ነው።»

ቴሴራ የሚሉት ተጫዋች ለቡድን የሚመዘገብበትን መታወቂያ ነው፤ የያዘው ቡድን ካልለቀቀው ተጫዋቹ ሌላ ቦታ ሊመዘገብ አይችልም። ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ ነገሩን ስትነግረኝ ቁጭ ብዬ ነበር፤ ተነሣሁ፤ ወዴት እንደምሄድ ስላላወቅሁ መልሼ ተቀመጥኩ። ዘበኛ ነው፣ ቀርቷል ብለው ደመወዙን ቆረጡት። ተጫዋች ነው ብለው ደግሞ ያለ ደመወዝ ሊያስሮጡት ጠዋት ይደውላሉ። ባሪያ የሚለውን ቃል በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ተናገርኩት፤ ባለቤቴም አልተቃወመችኝም።

ይግባኝ እንድንል የመከሩን ወዳጆች ነበሩ። እምቢ አልኩ። ብንረታ የምናገኘው ያንኑ መደብ ነው፤ ልጁን መልሶ ዘበኛ የሚያደርግ ድል አልፈለግሁም። ይልቁንም ለውድድሩ አስተዳደር ኮሚቴ አቤቱታ አቀረብኩ። ክርክሬ አጭር ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ከልጁ ጋር ያለው ግንኙነት የቅጥር ግንኙነት ብቻ ነው፤ ቅጥሩን ራሱ በገዛ እጁ አቋርጧል፤ ስለዚህ የሚይዝበት ገመድ የለውም። ኮሚቴው በአግባቡ ተቀብሎ መሥሪያ ቤቱ መልስ እንዲሰጥ ጠየቀ። መሥሪያ ቤቱ ዝም አለ። ሄጄ ስጠይቅ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ሌላ ቀን ስሄድ ደብዳቤው መዝገብ ቤት አልደረሰም። ሌላ ግልባጭ ይዤ ሄጄ በራሴ እጅ አስገባሁ፤ ደግሞ ኃላፊው መስክ ወጥቷል ተባልኩ። ይህን ጨዋታ አውቀዋለሁ። እምቢ የሚል ሰው ለእምቢታው ይጠየቃል፤ ዝም ያለን ሰው ግን ማንም አይጠይቀውም። የሚጠብቁት ጥቅምት እስኪያልቅ ነበር።

በዚያ ሰሞን በየማምሻው ልጁ ብቻውን በሣጉሬ መንገድ ይሮጥ ነበር። ሲመለስ ዲኤስቲቪ በሚታይበት ቤት በር ላይ ያልፋል፤ ውስጥ የሰፈራችን ወጣቶች ስለ እንግሊዝ አማካዮች ጉሮሯቸው እስኪነቃ ይከራከራሉ። የአንዱን የደመወዝ መጠን፣ የሌላውን የጉልበት ሕመም ያውቃሉ። በበራቸው ሲያልፍ ቀና ብሎ ያየው አልነበረም። በእነሱም ተናደድኩ፤ ያለ አግባብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ተናደድኩ ግን።

አሰልጣኙ እስከ መጨረሻው ቀን እየደወለ ጠበቀ። ምዝገባው በሚዘጋበት ዕለት ያናገረው እኔን ነው። «አባባ፣ ልጁን እፈልገዋለሁ። ቴሴራው በሌላ ሰው እጅ ያለን ተጫዋች ግን ማስመዝገብ አልችልም። ሌላ አማካይ ወስደናል። እርስዎ ይንገሩት፤ እኔ አፌ አልቻለም» አለኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ «እሺ አባባ» አለ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ሄዶ ረጅሙን ወሬ ለእሷ ነገራት፤ ምን እንዳላት ጠይቄያት አላውቅም። በሳምንቱ አጨዳ ሊያግዝ ወደ ኦጎልቾ ወረደ። ባለቤቴ ክፍሉን ለሌላ ሰው አላከራይም አለች፤ እኔም አልተከራከርኳት።

አቤቱታውን ግን አልተውኩም። ዕድሉ ካለፈ በኋላ ለምን እንደምለፋ የጠየቁኝ ሰዎች ነበሩ። ከልጁ ላይ አንድ ዓመት ወስደውበታል፤ ሁለተኛውን እንዳይወስዱ ነበር የምለፋው። ስለዚህ ሱፌን እየለበስኩ ተመላለስኩ፤ መሥሪያ ቤቱ መልስ ባይሰጥም በሌለበት እንዲወሰንልኝ ጠየቅሁ፤ ኮሚቴውም ተቀበለኝ።

ውሳኔው እንዲህ ይላል። መሥሪያ ቤቱ ተጫዋቹን በገዛ ፈቃዱ ከሥራ ያሰናበተ ስለሆነና በእግር ኳስ ተጫዋችነት የተፈራረመው ውል መኖሩን ያላስረዳ ስለሆነ፣ ቴሴራውን ይዞ የሚቆይበት መብት የለውም፤ ተጫዋቹ ከማናቸውም ግዴታ ነፃ ሆኖ በሚቀጥለው የምዝገባ ወቅት በፈለገው ቡድን ሊመዘገብ ይችላል። ያለፈውን ምዝገባ በሚመለከት ግን ጊዜው የተዘጋ በመሆኑ ኮሚቴው የሚሰጠው ትእዛዝ የለም። ውሳኔው የተሰጠው ኅዳር ሃያ አራት ቀን ነው።